የሞገስ ሳንቲም

ይድረስ ለታላቅ ወንድሜ ለግዛቸው፣ ለቧንቧ ውሃ ሰፈር የፕሌስቴሽን ቤት ባለቤት፣ ለአራት ጆይስቲክና ለአንድ አግዳሚ ወንበር ጌታ። ለመሆኑ እንደምን ከርመሃል? ወገብህስ፣ ስትነሳ አሁንም እንደ አሮጌ በር ይጮሃል? የእማዬ ጉልበት የደሴን ብርድ እንዴት ቻለው? እህታችን ሆሳዕናስ ፈተናውን አለፈችው ወይስ እንደኔ ፈተናው እሷን አልፏት ሄደ? መብራቱስ ይመጣል ወይስ እንደ ሙሽራ እየተለመነ ነው? እኔ አምላክ ይመስገን ደህና ነኝ። ሰው ሁሉ "ከናፍቆታችሁ በስተቀር" ይላል፤ እኔን ግን ከቅናት በስተቀር የሚያመኝ ነገር የለም።

ቅናቱን ቀስ ብዬ አመጣዋለሁ። መጀመሪያ ለምን በወረቀት እንደጻፍኩ ልንገርህ። ቴሌግራም ላይ እንዳልጽፍልህ ስልክህን የሚከፍተው በየነ ነው። እኔ ከሄድኩ ወዲህ ልርዳህ ብሎ ገብቶ፣ ወንበሬ ሳይቀዘቅዝ የተቀመጠበት ያ የጎረቤት ልጅ! ባለፈው "ወንድሜ ናፈቅከኝ" ብዬ ብልክ "እሱ ምሳ እየበላ ነው፣ እኔም ናፍቀኸኛል" ብሎ የመለሰልኝ ማን ሆነና? ወንበሬን ወሰደ፣ ጆይስቲኬን ወሰደ፣ አሁን ደግሞ ናፍቆቴን ይቀበላል።

ሶ፣ ይሄን ደብዳቤ ላክልኝ ካልከኝ የጌም ሲዲ ጋር ለእትዬ ዓለምጌጥ አስይዣቸዋለሁ። እዚህ አሜሪካ፣ ጋርላንድ ያለው ቤተ ክርስቲያናችን የሚመጡ ሴት ናቸው፤ ለፋሲካ አገር ቤት ይገባሉ። ሰው ሲሄድ ሁሉም ዕቃ ሊያስይዝ ይሰለፋል፣ ታውቀዋለህ። አምና አንዱ "ትንሽ ነገር ናት" ብሎ የመኪና ራዲያተር ስላሸከማቸው ዘንድሮ ማሉ፦ ከአንድ ሰው አንድ ዕቃ፣ እሱም በአንድ እጅ የሚያዝ። "ሁለት ሲዲ እኮ ነው፣ እንደ ወረቀት ይቀላል" ብላቸው "ራዲያተሩም ሲመጣ ቀላል ነው ተብሎ ነበር" አሉኝ። አንድ ሲዲ ብቻ። ይሄን ያዝልኝ፣ የሆዴ ነገር ሁሉ እዚህ ላይ ነው የሚዞረው።

ሳንቲሟን ታስታውሳለህ። ማለቴ፣ አንተ ብትረሳ እኔ አልረሳም። በዚያ የኳስ ጌማችን ኮርነሩን አጭር ታቀብላለህ፣ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ትመለሳለህ፣ ከዚያ ኳሷን መሬት ለመሬት ወደ ቅርቡ ቋሚ ትልካታለህ። በረኛው መዝለል ሲገባው የጣለውን ሳንቲም እንደሚፈልግ ሰው ያጎነብሳል፤ ኳሷም በጎኑ አልፋ ትገባለች። ስህተቱ የጌሙ ሠሪዎች ነው፣ ያገኘሁት ግን እኔ ነኝ። ኮርነሩን ሳልመታ በፊት ከወንበሬ ተነስቼ፣ ለቴሌቪዥኑ እጅ ነስቼ፣ "ጋሼ በረኛ፣ ሳንቲም ወድቆብዎታል" ስል ቤቱ በሳቅ ይፈርስ ነበር። አስረኛ ክፍል ላይ ትምህርት ጥሎኝ ሲሄድ ሰፈሩ ያወቀኝ በሷ ነው። የሞገስ ሳንቲም! ሌላው ዲግሪ አለው፣ እኔ ሳንቲም አለኝ።

እዚህ ስመጣ አክስታችን ዕፀገነት ቤት ያው ጌም፣ ያው ማሽን ቁጭ ብሎ አገኘሁት። የምትጫወትበት ልጇ ዜማ ናት፤ አስራ ስድስት ዓመቷ ነው፣ እዚሁ የተወለደች፣ አማርኛዋ ጥሬ ነው፣ አፏ ግን የበሰለ። የተሸነፈ ሳህን ያጥባል ተባባልን። ኮርነር አገኘሁ፣ ተነሳሁ፣ እጅ ነሳሁ፣ ለጋሼ በረኛ ስለ ሳንቲማቸው ነገርኳቸው። ጋሼ በረኛ ምን ቢያደርጉ ጥሩ ነው? ኳሷን እንደ ሕፃን አቀፏት! ዜማ ሶፋው ላይ ተንከባለለች። "ሞገስ፣ እሱ እኮ ፊክስ ተደርጓል፣ ድሮ! አንተ የት ነበርክ?" አለችኝ። ደሴ ነበርኩ፣ የት እሆናለሁ! ሳህኑን አጠብኩ።

እያጠብኩ ያስረዳችኝን ላንተም ላስረዳህ፤ ባለ ፕሌስቴሽን ቤት ሆነህ ይሄን አለማወቅህ ያሳፍራል። ሲዲ አንዴ ከታተመ ታተመ ነው፤ ማሽኑ ያነበዋል እንጂ አይጽፍበትም። ሠሪዎቹ ስህተት ሲያገኙ ማስተካከያውን በኢንተርኔት ይልካሉ፣ አፕዴት የሚሉት እሱን ነው። ማሽኑ ሰው ሲተኛ በራሱ ያወርድና ሆዱ ውስጥ ያስቀምጠዋል። ሱሪያችን ጉልበቱ ላይ ሲቀደድ እማዬ እራፊ ትጥፍበት አልነበር? እንደዚያ በለው። ልዩነቱ፣ እዚህ እራፊው የሚጣፈው ሱሪው ላይ ሳይሆን የለበሰው ሰው ጉልበት ላይ ነው። ሱሪውን ለሌላ ሰው ብትሰጠው ቀዳዳው እንዳለ አብሮት ይሄዳል። ያንተ ማሽን ኢንተርኔት የሚባል አይቶ ስለማያውቅ በረኛህ እስከ ዛሬ ሳንቲሙን ይፈልጋል።

"እንግዲያው እራፊውን እንንቀለው" አልኳት። ጌሙን ከማሽኑ አጠፋነው፣ ዋይፋዩን ዘጋነው፣ ከሲዲው እንደገና ጫንነው። በረኛው አሁንም አቀፋት! ለካ ሲዲ ሁሉ አንድ አይደለም። ጌም ሲወደድ እንደገና ይታተማል፤ ያኔ አንዳንዱን ማስተካከያውን እዚያው ሲዲው ውስጥ ጨምረው ያትሙታል። ልብስ ሰፊው የፊተኛውን ቀዳዳ አይቶ፣ ሁለተኛውን ጉልበቱን አጠንክሮ እንደሚሰፋው ማለት ነው። ስሙ ያው፣ ሽፋኑ ላይ ያለው ተጫዋች ያው። የዜማ ሲዲ ከኋለኛው ሕትመት ነው፣ የሽፋኑ ጫፍ ላይ ቀይ መስመር አለው። የእኛው የደሴው ከመጀመሪያው ነው። እንዴት ቀናሁ መሰለህ! ሰው ከአሜሪካ ሆኖ በደሴ ሲዲ ይቀናል?

ከዚያ ወዲያ የመጀመሪያውን ሕትመት ፍለጋ ወጣሁ። ሜስኪት ከተማ፣ ዌርሃውስ የሚሉት የዕቃ መጋዘን ውስጥ አብሮኝ የሚሠራው ገመቹ መኪና አለው፤ ከሥራ ስንወጣ ያገለገለ ጌም የሚሸጥበት ሱቅ ባየን ቁጥር "ፓርክ አድርግልኝ" እለዋለሁ። "ሰው እዚህ አገር መጥቶ ቤት ይፈልጋል፣ ሚስት ይፈልጋል፣ አንተ የተበላሸ በረኛ ትፈልጋለህ" እያለ ያቆማል። ባለ ቀይ መስመሩ በየሱቁ እንደ ሽንኩርት ተከምሯል። በስንት መከራ ቤድፎርድ ከተማ አንዲት ሱቅ ጥግ ውስጥ ሽፋኑ የተሰነጠቀ፣ መስመር የሌለው አገኘሁ። ወስደን ዋይፋይ ዘግተን ጫንነው፤ የጌሙ መረጃ ላይ አንድ ነጥብ ዜሮ ዜሮ ይላል፣ ማንም ያልነካው ማለት ነው። ኮርነር። ጋሼ በረኛ አጎነበሱ! ግዛቸው፣ እንዳላለቅስ ራሴን ያዝኩ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሳህን የምታጥበው ዜማ ሆነች፤ አክስታችን ልጄ ጨዋ ሆነችልኝ ብላ ለንስሐ አባቷ ሳይቀር ተናግራለች።

እዚህ ደስታ ላይ ነው ያንተ መልእክት የመጣው። ከላይ መንገዱ ዳር አዲስ ጌም ቤት ተከፈተ፣ ኢንተርኔቱ ሌላ፣ ቴሌቪዥኑ ሌላ፣ ልጆቹ ሁሉ ወደዚያ ጎረፉ፣ እኛ ጋ የቀረው ሳንቲሟን ብሎ የሚመጣው ነው፣ እሷ ባትኖር በሩን እዘጋው ነበር አልክ። ሲዲያችን ደግሞ ተጭሮ ማሽኑ አንዴ ያውቀዋል፣ አንዴ አላውቅህም ይለዋል፤ ለፋሲካው ዋንጫ ሌላ ላክልኝ፣ "አዲስ ይሁን" አልክ። እስከዚህ ጥሩ። ከሥሩ ግን ቪዲዮ አያያዝክና "የበየነ ሳንቲም" ብለህ ጻፍክበት። የማን? ሥራ ላይ ስለነበርኩ ድምፁን ዘግቼ አየሁት። በየነ ወንበሬ ላይ ነው። ተነሳ፣ እጅ ነሳ፣ ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ፣ ኮርነሩን መታ፣ በረኛው አጎነበሰ፣ ቤቱ ጨፈረ። ደግሞ እኮ አረንጓዴ ሹራቤን ለብሷል! እማዬ በእጇ የሠራችልኝን! ዳላስ ሙቀት ነው ተባልኩና ትቼው የመጣሁት ለሳጥኑ ነው እንጂ ለበየነ አይደለም። ልኩ ባይሆን ኖሮ ምንም አልልም ነበር። ልኩ ነው። ያንገበገበኝ ልኩ መሆኑ ነው።

"አዲስ ይሁን አልክ አይደል? ኦኬ፣ አዲስ ይሁንልህ" አልኩና ባለ ቀይ መስመሩን ገዛሁልህ። ላስቲኩ ያልተከፈተ፣ የሚያብረቀርቅ፤ ማንም አያማኝም። የፋሲካ ዋንጫ፣ ቤቱ ጢም ብሎ፣ በየነ በሹራቤ ተነስቶ እጅ ነስቶ፣ በረኛው ኳሷን እቅፍ ሲያደርግበት ታየኝ። ካርቶን እየጫንኩ ብቻዬን ስስቅ ገመቹ ምን ሆነሃል አለኝ። ነገርኩት። እሱም ይስቃል ብዬ ጠበቅኩ። "ዋንጫው የማን ቤት ነው?" አለኝ። "የወንድሜ" አልኩት። "አሃ" ብሎ ወደ ካርቶኑ ዞረ። ያቺ "አሃ" አልለቀቀችኝም፤ ሳንቲሟ ብትጠፋ የሚዘጋው ያንተ በር ነው።

ለዕረፍት ስንወጣ ቪዲዮውን ከነድምፁ ከፈትኩት። በየነ ተነሳ፣ እጅ ነሳ፣ "ጋሼ በረኛ፣ ሳንቲም ወድቆብዎታል፤ ሞገስ ከአሜሪካ ደውሎ ነው የነገረኝ" አለ። ቤቱ ፈረሰ። አንተ ስቀህ ስልኩን መያዝ አቅቶህ የሚታየው ጣራው ብቻ ነው፤ ከጣራው ሥር ያ ሁሉ ልጅ "ሞገስ! ሞገስ!" ይላል። ቅናቴ የበረደልኝ እንዳይመስልህ፣ ባሰብኝ። ቀልዱ ከኔ ይበልጣል! ያን ሁሉ ዘመን ስናገራት "ደውሎ ነገረኝ" የምትለው አንድ ቀን አልመጣችልኝም። እርግጥ ያኔ እዚያው ቁጭ ብዬ ከየት እደውላለሁ፤ ቢሆንም።

ስለዚህ እትዬ ዓለምጌጥ ያመጡልህ ሽፋኑ የተሰነጠቀውን ነው። አዲስ አይደለም ብለህ እንዳትቆጣ። ባለ ቀይ መስመሩ እኔ ጋ ቀርቷል፤ ሌላ የመጀመሪያ ሕትመት ደግሞ አላገኘሁም፣ ገመቹም ከእንግዲህ መኪናዬ ለበረኛ አትቆምም ብሏል። በዚህ ቤት ጋሼ በረኛ ከእንግዲህ አያጎነብሱም። ዜማ ይሄን ስትሰማ ጓንቱን አምጥታ እጄ ላይ አደረገችልኝ፤ የሳህኑን ጓንት።

አደራህን ማሽኑን ከኢንተርኔት እንዳታገናኘው። ያ አዲሱ ቤት ካለው ምን አነሰኝ ብለህ አንድ ቀን የስልክህን ኢንተርኔት ብታካፍለው በረኛው ይማራል፣ ቤትህም ያልቅለታል። ከተሳሳትክም አትደንግጥ፦ ጌሙን ከማሽኑ አጥፋ፣ ኢንተርኔቱን ዝጋ፣ ከዚህ ሲዲ እንደገና ጫን። በረኛው የተማረውን ሁሉ እልም አድርጎ ይረሳል፣ ልክ እንደኔ እንደ አስረኛ ክፍሉ። ለበየነ ግን ሲዲው ባለ ቀይ መስመሩ ነው፣ ሳንቲም የለም በለው። እስከ ዋንጫው ቀን ይጨነቅልኝ። ያን ያህል መብት የለኝም?

እማዬን ጉልበቷን ሳምልኝ፤ ሹራብ ስትሠራ ከእንግዲህ ለኔ ብቻ ልክ እንዲሆን አድርጋ ትሥራው። ለሆሳዕና፣ ፈተናው ቢያልፋትም እኔ አለሁላት በላት፣ ሳህን ማጠብ አስተምራታለሁ። ከዚያ ከአግዳሚ ወንበራችን ጀርባ ሆኖ ለሚያጨበጭበው ልጅ ሁሉ ሰላም በልልኝ።

ለበየነ ሰላምታ የለኝም። ሹራቤን ግን በሙቅ ውሃ እንዳያጥበው፣ ይሰበሰብበታል። ደግሞ ንገረው፤ ኮርነሩን ካቀበለ በኋላ ወደ ኋላ ሲመለስ እርምጃውን ትንሽ ያሳጥራት። ቪዲዮው ላይ ኳሷ ቋሚውን ልትመታበት ለጥቂት ነው የተረፈችው። ከእኔ በቀር ያየ የለም፤ የዋንጫው ቀን እንዳትስትበት።

ወንድምህ ሞገስ
ጋርላንድ፣ ቴክሳስ
መጋቢት 14 ቀን 2017 ዓ.ም.