ስለ መጋዘኑ በርና ስለ ባለቤቴ ጭንቅላት

ለተከበሩ የማተሚያ ቤቱ የሠራተኞች ደኅንነት ኮሚቴ ሰብሳቢ፤

ከሁሉ አስቀድሞ የእርስዎ ጤና፣ የቤተሰብዎ ጤና፣ በተለይም የጭንቅላትዎ ጤና እንዴት ሰንብቷል? እኔ እንዳለሁ አለሁ። ባለቤቴም አለ፤ የት እንዳለ ግን አያውቅም። በታሸገ ፖስታ የላክኋቸው አራት ደብዳቤዎች ስላልተከፈቱ፣ እንዳይደክሙ ብዬ ይህንን ክፍት አድርጌ ልኬያለሁ።

፩. ባለቤቴ በወረቀት መጋዘናችሁ ሃያ ስድስት ዓመት ሲያገለግል፣ ከበሩ በላይ ያለው ዝቅተኛ ብረት ግንባሩን ስንት ጊዜ እንደገጨው ቤት ይቁጠረው። ሦስት ጊዜ ራሱን ስቶ ወድቋል። ሦስቱንም ጊዜ ውኃ አፍስሳችሁ፣ አይዞህ ብላችሁ፣ ከሰዓት በኋላ ወደ ሥራው ስለመለሳችሁት ርኅራኄያችሁን ሳላመሰግን አላልፍም። በሩ ከፍ እንዲል ላቀረበው ማመልከቻም «ጎንበስ ይበሉ» የሚል ማስታወቂያ ስለለጠፋችሁለት እግዚአብሔር ይስጥልኝ።

፪. አሁን የመርሳት በሽታ ይዞታል። የምታክመው ሐኪም ጭንቅላት ደጋግሞ ሲመታ በስተርጅና በዚህ በሽታ የመያዝ ዕድል እንደሚጨምር፣ የእሱ ከዚያ መምጣቱን ግን በእርግጠኝነት መናገር እንደማይቻል ጽፋ ሰጠችኝ። ኮሚቴው የመጨረሻውን ሐረግ ብቻ በቀይ አሰመረበት። የንባብ ችሎታችሁ ያስቀናል።

፫. ጉዳቱ እንዲመዘገብ ተጎጂው ራሱ ቀርቦ የወደቀባቸውን ቀናት በቃሉ ያስረዳ ተባለ። አመጣሁት። የሚስቱን ስም የማያውቅ ሰው ቀን ተጠየቀ። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ሲባል ነበር የማውቀው፤ እኛ ቤት የተወጋው ስለረሳ፣ እባካችሁ የወጋችሁት አስታውሱልን።

ለሚቀጥለው ነገር ቁጥር አልሰጠሁም። ባለቤቴ ያን ቀን ወደ ቢሮዎ ሲገባ በሩ ላይ ዝቅ ማለቱን አይተው፣ ትሕትናውን በኮሚቴው ፊት አመስግነዋል። ክቡር ሆይ፣ ትሕትና አይደለም። ቤታችንም፣ ሐኪም ቤቱ ሰፊ በር ላይም እንደዚያው ያደርጋል። ልጆቹን ረስቷል፤ ብረታችሁን አልረሳም። እኔም እጁን ይዤ ጎንበስ ብሎ እስኪያልፍ እጠብቃለሁ፤ ሌላ የማደርገው ጠፍቶኛል።

መልስ እንደማይመጣ እያወቅሁ፣ ከታላቅ አክብሮት ጋር ደጃችሁ ላይ የማልጠፋው፣
የቀድሞው መጋዘን ሠራተኛ ሚስት

ማሳሰቢያ፦ ያን ቀን ስንወጣ በእሱ ቦታ የተተካውን ሠራተኛ አየሁት። ከባለቤቴ ይረዝማል፤ ግንባሩ ላይ ፕላስተር ለጥፏል። እባክዎ ቀኑን ዛሬውኑ ጽፈው ያስቀምጡለት፤ ሲያረጅ ትጠይቁታላችሁና።