በባለቤቴ የልብስ ማጠቢያ መንገድ ላይ ስለተተከሉት አሥራ ሰባት ምልክቶች

ለክቡር አቶ ሃርላን ስቶድሚየር
የጥንታዊው የስፔን የንግድ መንገድ ጥበቃና ምልክት ተከላ ኮሚሽን ሊቀ መንበር

ክቡር ሆይ፤

ይህ ደብዳቤ በሚደርስዎት ጊዜ እርስዎም፣ ባልደረቦችዎም፣ ቢሮዎን የሚያቀዘቅዘው መሣሪያም በፍጹም ጤንነት ላይ እንድትገኙ ከልብ እመኛለሁ። እኛ የአጉዋ ታፓዳ ነዋሪዎች፣ ከጠዋቱ አራት ሰዓት በኋላ ከሙቀቱ የተነሣ የመኪና መሪ በባዶ እጅ መጨበጥ ካለመቻሉ በቀር፣ ደህና ነን።

ስሜ ዴልፊኖ አርቺቤኬ ይባላል። ሰባ አራት ዓመቴ ነው፤ ከዚህ ውስጥ ሠላሳ አንዱን ዓመት በዚህ በረሃ የውሃ ቦቴ ስነዳ ኖሬአለሁ። ቅድመ አያቶቼ ከኒው ሜክሲኮዋ አቢኪዩ ተነሥተው ብርድ ልብስ በበቅሎ ጭነው በዚህ በኩል ወደ ሎስ አንጀለስ ይወርዱ፣ በቅሎና ፈረስ እየነዱም ይመለሱ ነበር። ይህን የምጽፈው በዘር ለመኩራራት ሳይሆን፣ በጉዳዩ ላይ አንዳች ነገር ላውቅ እንደምችል እንዲጠረጥሩ ብቻ ነው።

ባለፉት ሦስት ዓመታት ለጽሕፈት ቤትዎ አምስት ደብዳቤ ጽፌ፣ አምስቱም መድረሳቸውን የሚገልጽ አምስት ያማረ ካርድ ስለላካችሁልኝ እጅግ አመሰግናለሁ። ካርዱ ላይ የተሳለችው በቅሎ በጣም ታምራለች። ሆኖም ከጽሕፈት ቤቱ ፊቷን ያሳየችኝ እሷ ብቻ ስለሆነች፣ ይህን ስድስተኛውን በጋዜጣ በኩል ለመላክ ተገድጃለሁና ይቅርታዎን እለምናለሁ። ቅሬታዎቼን በቁጥር አስቀምጣለሁ፤ ኮሚሽኑ ቁጥር የሌለው ወረቀት እንደማያነብ ተነግሮኛልና።

አንደኛ፤ ስለ መንገዱ።

በተጋባን በሁለተኛው ዓመት የጉድጓዳችን ውሃ ጨው ሆነ። ሳሙና አረፋ አልሰጥ አለ፤ ታጥቦ የደረቀ ሸሚዝ ያለ ሰው ብቻውን ይቆም ጀመር። ስለዚህ ባለቤቴ ኢሳውራ፣ ነፍሷን ይማርና፣ ዘወትር ቅዳሜ ጠዋት የሳምንቱን ልብስ በአሮጌዋ ፒካፓችን ጭና፣ ሜዳውን አቋርጣ ጨው ወደሌለው ምንጭ ትወርድ ነበር። አሥራ አንድ ዓመት እንዲህ አደረገች። ሜዳው ሸክላ አፈር ነው፤ ሲዘንብ ጎማ ይሰምጥበታል፣ ፀሐይ ሲመታው እንደ ጡብ ይደርቃል። በዚህ መንገድ ጎን ለጎን የሚሄዱ ሁለት ቦዮች ተፈጠሩ፤ ከቤታችን ጓሮ ይነሣሉ፣ ምንጩ ዳር ያልቃሉ። እስከ ዛሬም አልጠፉም።

ከሦስት ዓመት በፊት የኮሚሽናችሁ ባለሙያ ዶክተር ዊትኮም ፔል መጡ። ትሑት ወጣት ናቸው፤ ባርኔጣቸው ከእሳቸው ትከሻ ይሰፋል። ቦዮቹን ባዩ ጊዜ ተንበረከኩ።

«ይሄ እኮ የሁለት መቶ ዓመት የነጋዴ ቅፍለት ዱካ ነው!» አሉኝ፣ ዓይናቸው እንባ አቅርሮ።

«ዶክተር፣ ይሄ የባለቤቴ የልብስ ማጠቢያ መንገድ ነው» አልኳቸው።

«የአገሬው ሰው ትዝታ ለእኛ ትልቅ ሀብት ነው፣ አቶ ዴልፊኖ» አሉና በማስታወሻቸው ላይ ምንም ሳይጽፉ ቀሩ።

«በቅሎዎቹ የሚሄዱት እኮ በነጠላ ሰልፍ ነው፤ አንዷ ከሌላዋ ኋላ። በዚያን ዘመን ጋሪ እንኳ እዚህ አልደረሰም። ይሄ ደግሞ ሁለት መስመር ነው።»

«ምናልባት ሁለት ሰልፍ ሆነው ይሄዱ ይሆናላ!»

«ጎን ለጎን? የመኪና ጎማ ያህል ተራርቀው? አንድም ጊዜ ሳይዛነፉ?»

ትንሽ አሰቡና፣ «የቅፍለቱ ሥርዓት ጥብቅ ነበር» አሉኝ።

ክቡር ሆይ፣ በአራት ወር ውስጥ አሥራ ሰባት ምልክቶች በሲሚንቶ ተተከሉ። እያንዳንዳቸው የበቅሎ ሥዕል አላቸው። የመጀመሪያው የቆመው ኢሳውራ የልብስ ዘንቢሏን ታስቀምጥበት በነበረው ቦታ ላይ ነው፤ እንዲህም ይላል፦ «በዚህ መንገድ ነጋዴዎች ብርድ ልብስና በቅሎ በሰላም ይለዋወጡ ነበር።» ኢሳውራ ብርድ ልብስ ማጠቧ እውነት ስለሆነ፣ ጽሑፉ ከግማሽ በላይ ትክክል መሆኑን በደስታ እመሰክራለሁ።

ሁለተኛ፤ ስለ ማስጠንቀቂያው።

ባለፈው ዓመት መጋቢት ላይ በዚሁ መንገድ በፒካፔ ስወርድ አንድ ጥበቃችሁ አስቆመኝና፣ «በማይተካ ቅርስ ላይ ጉዳት በማድረስ» የሚል የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ሰጠኝ። ቅርሱን የሠራችው ይቺው ፒካፕ መሆኗን ብነግረው፣ «ጋሽዬ፣ ይሄን ለአለቆቼ ልጽፍ ነው እንዴ? ሥራዬን አልፈልገውም እንዴ?» አለኝ። ልጁ እውነት አለው። ማስጠንቀቂያውን በፍሬም አድርጌ ሳሎን ሰቅዬዋለሁ፤ ፒካፔንም ጋራዥ ውስጥ ጨርቅ አልብሼ አስቀምጫታለሁ፤ ምናልባት ኮሚሽኑ አንድ ቀን እሷንም ወደ ጥንታዊ በቅሎነት ያሳድጋት ይሆናል።

ሦስተኛ፤ ስለ ቁልፉ።

በቤተ መዘክራችሁ ሦስተኛው ክፍል፣ በመስታወት ሥር፣ ከላይ መብራት የሚበራለት አንድ የተጠመዘዘ ሽቦ አለ። «የስፔን ሣጥን ቁልፍ ስባሪ፤ በ1830 ገደማ» ይላል። ዶክተር ፔል ከምንጩ ዳር ያገኙት ነው። ክቡር ሆይ፣ እሱ የልብስ መቆንጠጫ ሽቦ ነው። እንጨቱ በስብሶ ሽቦው ቀርቷል። ኢሳውራ ሁለት ደርዘን ነበራት፤ አንዱ በጠፋ ቁጥር እኔን ትጠረጥር ነበር።

ቤተ መዘክሩ ውስጥ ቆሜ ሳየው መጀመሪያ ሳቅኩ። ሆዴን እስኪያመኝ ሳቅኩ። ከዚያ ሳቁ አለቀና ግንባሬን መስታወቱ ላይ አስደገፍኩ። ኢሳውራ ከሞተች ስድስት ዓመቷ ነው፤ ልብሷን ለእህቶቿ ሰጥቼ፣ ዕቃዋን አከፋፍዬ፣ ከእጇ የወጣ ነገር ቤቴ ውስጥ ብዙም አልቀረም። የቤተ መዘክሩ ጠባቂ ሴት መጣችና፣

«ጋሼ፣ ደህና ነዎት?» አለችኝ።

«ደህና ነኝ። የባለቤቴ ነው።»

«ምኑ?»

«ቁልፉ።»

መስታወቱን አየች፣ እኔን አየች። «ባለቤትዎ ስፔናዊ ነበሩ?»

«አይ፣ ንጹሕ ነገር የምትወድ ሴት ነበረች።»

ወንበር አመጣችልኝ። እስኪዘጋ ድረስ ተቀመጥኩ። ስለዚህ ይህ ሦስተኛው ቅሬታ ስጽፈው ቅሬታ አልሆን ብሎኛል። ጽሑፉን ካላስጨነቃችሁ አርሙት፤ መብራቱን ግን እንዳታጠፉት እለምናለሁ።

አራተኛ፤ ስለ እውነተኛው መንገድ።

እውነተኛው መንገድ አለ። ከሜዳው በስተሰሜን፣ በድንጋያማው ተዳፋት ላይ፣ ከአንድ ክንድ የማይሰፋ ቀጭን መስመር ነው፤ የበቅሎ ኮቴ ጠጠሩን ወዲያና ወዲህ ገፍቶ ያበጀው። ጠዋት ፀሐይ ከጎን ስትመታው ብቻ ይታያል። ይህን በአምስቱም ደብዳቤ ገልጬ፣ ካርታ ሠርቼ፣ ፎቶግራፍ አያይዤ ነበር። ኮሚሽኑም በጥልቀት ካጠናው በኋላ፣ ቦታውን ለጎብኚዎች መኪና ማቆሚያ ምቹ ሆኖ አገኘው።

አንድ ማክሰኞ ጠዋት ቦታውን ሊደለድል የተላከው ግሬደር ሲደርስ ጎረቤቴ ሜልባ ተዳፋቱ ላይ፣ የሚታጠፍ ወንበሯን ዘርግታ፣ የሻይ ፔርሙዟን ከጎኗ አስቀምጣ ትጠብቀው ነበር። ሜልባ ሰማንያ አንድ ዓመቷ ነው፤ ከአገሬው ነባር ሕዝብ ከፓዩቶች ወገን ናት፤ ወገኖቿ የእኔ አያቶች በቅሎ ምን እንደሆነች ከማወቃቸው በፊት ጀምሮ እዚህ ነበሩ። ግሬደሩን የሚነዳው የሰፈራችን ልጅ ክሩዝ ባሬላ ነው።

«እማማ ሜልባ፣ በፈጠረዎት ይነሡልኝ። ሥራዬ ነው» አላት ከላይ ሆኖ።

«ሥራህን ማን ከለከለህ? እለፍ።»

«በየት ልለፍ? መሐሉ ላይ ተቀምጠው!»

«ምን ላድርግህ፣ ተመችቶኛል።»

አጠገቧ ወደቆምኩት ወደ እኔ ዞረ። «ጋሽ ዴልፊኖ፣ እባክዎ እርስዎ ይንገሯቸው።»

«እኔን ስትሰማ አይተህ ታውቃለህ?»

«አንተ ደግሞ ምን ይገትርሃል?» አለችኝ ሜልባ። «ወንበር ይዘህ አትመጣም?»

ይዤ መጣሁ። ክሩዝ ትንሽ ተቁነጠነጠና ሞተሩን አጠፋ፤ ወርዶ በግሬደሩ ጥላ ሥር ተቀመጠ። ሜልባ ሻይ ቀዳችለት። ወደ እኩለ ቀን ገደማ ዶክተር ፔል፣ ሥራ መቆሙን ሰምተው፣ አቧራ እያስነሡ ደረሱ። ንግግር ሊጀምሩ ሲሉ ሜልባ ተነሣችና፣ «ና ተከተለኝ፣ ልጄ» አለቻቸው።

ቀስ ብላ በመስመሩ ላይ ሄደች፤ እሳቸው ከኋላ፣ እኔ ከእሳቸው ኋላ፣ ክሩዝ ከእኔ ኋላ። መስመሩ ሁለት ሰው ጎን ለጎን ስለማያስኬድ በግድ ነጠላ ሰልፍ ሆንን፤ ዶክተሩ ይህን ልብ ሲሉ እርምጃቸው ዝግ ሲል አየሁ። መስመሩ ተራራውን ከሚሻገርበት በታች አንድ ትልቅ ጥቁር ድንጋይ አለ። እዚያ ቆመች።

«እዚህ ነው።»

«ምኑ፣ እማማ?»

«የአያቴ አያት ከዚህ ድንጋይ ኋላ ተደብቃ ተረፈች። ታናሽ እህቷ ግን ሮጣ አልደረሰችም። ሰባት ዓመቷ ነበር። ቅፍለቱ ይዟት ሄደ፤ በአንድ በቅሎ ተለወጠች አሉ።»

«ወደ ካሊፎርኒያ ነው ወይስ ወደ ኒው ሜክሲኮ?» አሉ ዶክተሩ፣ ድምፃቸው ዝቅ ብሎ።

«ማን ይንገረን?»

ባርኔጣቸውን አወለቁ። እኔ ግን የምገባበት ጠፋኝ። አያቶቼ ብርድ ልብስ ጭነው ወረዱ፣ በቅሎ ነድተው ተመለሱ ብዬ ስናገር ሰባ ዓመት ሙሉ ዓረፍተ ነገሩን እዚያ ላይ ነበር የማቆመው። ሜልባ አየችኝ።

«አንተ ምን አንገትህን ትደፋለህ? አንተ አልነበርክበት።»

«ምን ላድርግልሽ፣ እትዬ ሜልባ?»

«እኔ የበቅሎ ሥዕል አልፈልግም። ስሟ ይጻፍ። ስሟን እናውቀዋለን። እስከ ዛሬ የጠየቀን የለም እንጂ።»

ዶክተር ፔል እዚያው ድንጋዩ ላይ ተቀምጠው ማስታወሻቸውን አወጡ። በዚህ ጊዜ ጻፉ።

አምስተኛ፤ ስለ መልሳችሁ።

ዶክተሩ ሃያ ሁለት ገጽ ዘገባ አቀረቡ። የሁለት ቦዮቹ ነገር ስሕተታቸው መሆኑን በመጀመሪያው ገጽ አመኑ፤ ይህን የሚያደርግ ምሁር በዕድሜዬ ሲገጥመኝ የመጀመሪያዬ ነው። ክቡርነትዎም በራስዎ ፊርማ መለሱላቸው። ዘገባው በጸደቀው ካርታ ላይ የሌለ ቦታን ስለሚመለከት ኮሚሽኑ ሊቀበለው እንደማይችል፣ የምልክቱ ጽሑፍም ቤተሰብ ይዘው ለሚመጡ ጎብኚዎች ደስ የሚል ስሜት እንዲሰጥ ታስቦ ስለተዘጋጀ እንደማይለወጥ ገለጹ። የመኪና ማቆሚያው ግን፣ ቦታው ውሃ የሚተኛበት መሆኑ ከሥራ ተቋራጩ በኩል ስለተረጋገጠ፣ ወደ ሌላ ስፍራ ተዛውሯል።

ለዚህ ምስጋናዬ ወሰን የለውም። እዚያ ተዳፋት ላይ ከዘነበ አሥራ አንድ ወር አልፎታል፤ ክሩዝ ባሬላም ስለ ውሃው ሲጠየቅ ወደ ሰማይ አንጋጦ ያፏጫል። መንገዱ ግን ተርፏል። ሁለት መቶ ዓመት ያለ ጥበቃ የቆየ መንገድ፣ ከጥበቃ ኮሚሽን የሚያስጥለው አንድ ግሬደር ነጂ አገኘ።

አሥራ ሰባቱን ምልክቶች አንሡልኝ አልልም። በየሳምንቱ ሰዎች ከሩቅ አገር መጥተው፣ ባርኔጣቸውን አውልቀው፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው በኢሳውራ የልብስ መንገድ ይሄዳሉ። እንዲህ ያለ ክብር ለንግሥትም አልተደረገም፤ ለእሷ ሲያንሳት ነው። የምለምነው አንድ ቃል ብቻ ነው፤ ከመጀመሪያው ምልክት ላይ «በሰላም» የሚለውን አውጡልን። ቃሉ ሲወጣ የሚቀረው ባዶ ቦታ ጠባብ ቢሆንም፣ ማሰብ ለሚፈልግ ጎብኚ ይበቃዋል።

ታላቁን ኮሚሽን ከፍ ባለ አክብሮት እየተሰናበትኩ፣ ካርታችሁ ሁልጊዜ የጸደቀ፣ መሬቱም አንድ ቀን ከካርታችሁ ጋር የሚስማማ እንዲሆን እየተመኘሁ፣ ስድስተኛዋን የበቅሎ ካርድ በጉጉት የምጠባበቅ፣

የክቡርነትዎ ታዛዥ ጎረቤት
ዴልፊኖ አርቺቤኬ
አጉዋ ታፓዳ

ማስታወሻ፦ ባለፈው እሑድ አራት ሰዎች ስም የተቀረጸበት ድንጋይ ተሸክመው ወደ አንድ ስፍራ ወጥተው ነበር። ከአራቱ አንዷ አሮጊት ናት፤ አንዱ እኔ ነኝ፤ አንዱ ከባድ መኪና ይነዳል፤ ፊደሎቹን በገዛ እጃቸው የቀረጹት አራተኛው ደግሞ ስማቸውን ለኮሚሽኑ እንዳልገልጽ የለመኑኝ ዶክተር ናቸው፤ እኔም ቃሌን ጠብቄያለሁ። የሕፃኗን ስም እዚህ አልጽፈውም፤ ሜልባ ለጋዜጣ አይደለም ብላለች። ድንጋዩ ያለ ፈቃድ ስለቆመ ይነሣ የሚል ትእዛዝ ለመጻፍ ብዕር አንሥተው ከሆነ ግን እባክዎ አይድከሙ፤ የቆመበት ቦታ፣ በራስዎ ፊርማ እንዳረጋገጡት፣ የለም።