ሳታዪው የሄድሽው ዓይን

ውድ አክስቴ፣

እንደምን ሰነበትሽ? እኔ ደህና ነኝ፤ ደህና ብቻም አይደለሁም፣ ሰሞኑን ደረቴን ነፍቼ ነው የምሄደው። ምክንያቷ ደግሞ አንቺ ነሽ። አውቶቡስ እንዳያመልጥሽ ስለቸኮልሽ ያልሰማሽው ነገር አለና ቁጭ ብለሽ አንብቢው።

እውነቱን ልንገርሽ፤ የዚያን ዕለት የምሠራበት የእንስሳት መጠለያ በር ላይ ሳይሽ ልቤ ስንጥቅ አለ። "የእህቴን ልጅ አያችኋት?" ብለሽ ስትጮኺ ትኬት ቆራጩ ከወንበሩ ዘለለ። ሰፈሩ ደወል ያለሽ በከንቱ አይደለም፤ ከመንገዱ ማዶ ሆነሽ ሰላም ስትዪ የማታውቂው ሰው ሁሉ ይመልስልሻል። እኛ ዘንድ ደግሞ ድምፅ ጠላት ነው። ከመዳፍ የማይበልጡት የጦጣ ዘመዶች፣ እኛ ዓይናሞቹ የምንላቸው፣ ሌሊት ነፍሳት እያደኑ ሲበሉ አድረው ቀን ይተኛሉ። ዘራቸው ሊጠፋ ጥቂት ነው የቀረው። ባለፈው ዓመት ጎብኚዎች ሲንጫጩ አንዷ እናት ደንግጣ ስትዘል ግልገሏ ከእቅፏ ወድቆ ሞተ። ዘንድሮ ሌላዋ ስትወልድ ኃላፊያችን ቁርጡን ነገረን፦ "ይቺ ከዛፏ አንዴ ከሸሸች በሩን ለጎብኚ እዘጋለሁ።" በሩ ተዘጋ ማለት እኔ ሥራ የለኝም ማለት ነው። አንቺ የመጣሽው በማግስቱ ነው።

"አክስቴ፣ አፍሽን ካልዘጋሽ አላስገባሽም" አልኩሽ።

"አንቺ! ከመቼ ወዲህ ነው እኔን አፍ የምታዘጊኝ?"

የግልገሉን ነገር አጫወትኩሽ። ከዚያ ከቦርሳሽ ከረሜላ አውጥተሽ ጉንጭሽ ውስጥ ወተፍሽና "በይ ምሪ፤ ይሄ እስኪያልቅ አልተነፍስም" አልሽኝ። ቋ ቋ የሚለውን ጫማሽንም አውልቀሽ በእጅሽ ያዝሽ። ይህን ማንም አላዘዘሽም።

ዛፉ ሥር ስንደርስ እናትየዋ ቅርንጫፉን አቅፋ ተኝታለች፤ ግልገሉ ሆዷ ላይ ተለጥፏል። የሁለቱም ዓይን ግጥም ብሎ ተዘግቷል። ያን ጊዜ ነው አብሮን የገባው ባለ ባርኔጣ ጎብኚ፣ በር ላይ ሕጉን ስናገር "እሺ፣ እሺ" ሲለኝ የነበረው፣ ዓይኗን ስትገልጥ ፎቶ ሊያነሳት ፈልጎ ግንዱን ሊያንኳኳ እጁን የሰደደው። እኔ ራቅ ብያለሁ። ብጮህ ትዘላለች፣ ብሮጥ ቅጠሉ ይንኮሻኮሻል።

አንቺ ግን አየሽው። ብቻ አየሽው።

ያቺን አስተያየት እኔና ወንድሞቼ እናውቃታለን! ሰው ቤት ሄደን "ጠገባችሁ?" ስንባል እውነቱን ልንናገር አፋችንን ስንከፍት የምታፈጪብን እንዲያ ነበር፤ ያነሳነውን ብስኩት ወደ ሳህኑ ታስመልሰን ነበር። ሰውዬው ጢሙ የሸበተ ትልቅ ሰው ነው፤ ግን እሱንም ያሳደገችው እናት ናትና ገባው። እጁ አየር ላይ ቀረ። ቀስ ብሎ ኪሱ ከተተው፣ ካሜራውንም ዘጋ። እናትየዋ ጆሮዋን እንኳ አላነቃነቀችም።

ከበሩ ስንወጣ ከረሜላው አልቆ ነበር። "እፎይ! ልፈነዳ ነበር!" ብለሽ ትኬት ቆራጩን ዳግም አስደነገጥሽው። ከዚያ ድምፅሽን ዝቅ አድርገሽ፣ "ይሄን ሁሉ መንገድ መጥቼ ዓይኗን ሳላይ ልሂድ?" አልሽ።

"ልቀስቅሳት?" አልኩሽ ላሾፍብሽ።

"ወግጂ! አራስ ይቀሰቀሳል እንዴ?" ብለሽኝ ጫማሽን አጥልቀሽ ሄድሽ።

ኃላፊያችን ከኋላችን ቆሞ ሁሉን አይቶ ኖሯል። በማግስቱ ሰብስቦን በሩ እንደማይዘጋ ነገረን። አሁን ጎብኚ የሚገባው ጥቂት ጥቂት እየሆነ ነው፤ እያንዳንዱም በር ላይ ከረሜላ ይሰጠዋል፤ እንዳይንኮሻኮሽ ወረቀቱን ልጠን እኛው እናስቀራለን። "የደወል ሕግ" ብለነዋል። ባልደረቦቼ ያቺን አፈጣጠጥሽን መስታወት ፊት እየተለማመዱ ነው። እስካሁን የተሳካለት የለም፤ የእኔን ያዩ ሁሉ "ጥርሷን አሟት ነው" ይላሉ።

ዋናው ግን ይሄ ነው። የሄድሽ ዕለት ሲመሽ ከሩቅ ቆሜ ጠበቅኩ። እናትየዋ እዚያው ቅርንጫፍ ላይ ነቃች። መጀመሪያ እሷ፣ ቀጥሎ ግልገሉ ዓይኑን ገለጠ። ምን ብዬ ልንገርሽ፤ ፊት የሚባል ነገር የላቸውም፣ ዓይን ብቻ ናቸው። ግልገሉ ዙሪያውን ቃኘ፤ አንቺ ባዶ እግርሽን ቆመሽበት የነበረውንም ቦታ አየ። ከዚያ እናቱ ይዛው ዘለለች። አልወደቀም።

አየሁልሽ፣ አክስቴ።

ባንቺ የምትኮራው የእህትሽ ልጅ