ቆማ የምትበላ ጀልባ

ከእናት ሳታንሺ ላሳደግሽኝ ለታላቅ እህቴ ይድረስልኝ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ በራሴ እጅ ተጽፎ።

እታለም፣ ወንድምሽ የመርከብ አዛዥ ሆኗል። ስነሣ ውሃው መንገድ ይለቅልኛል፣ ስቆም ማዕበሉ አብሮኝ ይቆማል። መርከብ ስልሽ ግን አራት ሰው ተጠጋግቶ የሚቀመጥባት የመዝናኛ ጀልባ ናት። አዛዥ ስልሽም ገመዷን የማስረውና የምፈታው እኔ ነኝ ለማለት ነው። ድሮ «ያንተን ወሬ ግማሹን ቀንሼ ነው የምሰማው» ትይኝ አልነበር? ይኸው ቀንሺ፤ ከግማሽ ግን አትለፊ።

ለመሆኑ እንዴት ከርመሻል? ደረጃ ስትወጪ የሚይዝሽ ጉልበትሽ ተሻለሽ ወይ? እማዬስ ዓይኗ እንዴት ነው? አሁንም መነጽሯን ግንባሯ ላይ ሰቅላ «መነጽሬን ማን ወሰደው» እያለች ቤቱን ታምሳለች? ባለቤትሽ ሹፌሩ ወገቡን ተሻለው? ልጆቹስ አደጉ ወይስ ድምፃቸው ብቻ ነው የጎረመሰው? እኔ ከናፍቆታችሁ በቀር የሚያመኝ ነገር የለም። ጥፍሬ ውስጥ የገባው ቀለም አልለቅ ብሎኛል እንጂ ደህና ነኝ።

የእጅ ጽሑፉን እያየሽ ማን ጻፈለት ብለሽ አትጨነቂ። የማታ ትምህርቱን ጨርሻለሁ። ከክፍሉ አንደኛ ነው የወጣሁት። እስከ መጨረሻው የዘለቅነው ጥቂት ነበርን፤ ዳቦ ጋጋሪው ሁሌ ያንቀላፋል፣ ከእኔ የምትበልጠው ሴትዮ ደግሞ የፈተናው ዕለት አሟት ቀረች። አንደኛ ግን አንደኛ ነው። አስተማሪያችን ያለችው አንድ ነገር አሁንም እጄን ይዞኛል። «ስታወሩ የፈለጋችሁትን አውሩ፤ ጽፋችሁ የላካችሁትን ግን ሰው ደግሞ ሲያነብባችሁ እንዲህ አላልኩም ማለት አትችሉም» አለችን። ይኸው በየመስመሩ እየቆምኩ የምጽፈው ለዚህ ነው።

ባለፈው በሰው ባስጻፍኩት ደብዳቤ «ጀልባ አለኝ» ብዬሽ ነበር። አንቺም «እውነት ከሆነ ሽጣትና ና፤ የማትሸጥ ከሆነችም ይዘሃት ና» ብለሽ መለስሽልኝ። ይህን ማንም ሳያግዘኝ ነው ያነበብኩት፤ ስንት ቀን እንደፈጀብኝ ባልነግርሽ ይሻላል። እንግዲህ የጀልባዋን ነገር ከሥር ከመሠረቱ ላስረዳሽ።

ጀልባዋ የእኔ አይደለችም። የአንድ ጡረታ የወጡ ልብስ ሰፊ ናት። እኔ የምሠራው ጀልባ በሚቆምበትና በሚታደስበት ግቢ ነው፤ እፍቃለሁ፣ እቀባለሁ፣ አስራለሁ፣ እፈታለሁ። ሽማግሌው ከሟች ባለቤታቸው ጋር ሆነው ነው የገዟት፤ የመቀመጫዎቿን ትራስ ባልና ሚስት አብረው ሰፍተውታል፣ ስፌቱ እስከ ዛሬ አንድ ቦታ አልተተረተረም። ከኋላዋ «ዕረፍት» ተብሎ ተጽፎባታል። እኔ ማንበብ ሳልችል ፊደሉን እንደ ሥዕል እየተከተልኩ በየዓመቱ በቀለም አድሰው ነበር። ዘንድሮ ሳነበው ሳቄ አመለጠኝ፤ ለማን ዕረፍት እንደሰጠች እንጃላት። የግቢው ሠራተኞች «አማት» ነው የሚሏት። ሲሰጧት አታመሰግንም፣ ሲያስቀሩባት ታኮርፋለች።

አንቺ ጀልባ ሀብት ይመስልሻል፤ አልፈርድብሽም፣ ከሩቅ ሲያዩዋት ታምራለች። ነገሩ እንዲህ ነው። መኪና ብትሆን ጥግ አስይዘሽ ሸራ አልብሰሽ ትረሻታለሽ። ጀልባን ከረሳሻት ትሰምጣለች። ብትሄድም ባትሄድም የቆመችበት ውሃ በየወሩ ኪራይ ይከፈልበታል። አዎ፣ ውሃ ይከራያል፤ እኔም መጀመሪያ ስሰማ አፌን ይዤ ቀርቻለሁ። በዓመት በዓመቱ በክሬን ተነሥታ ትወጣለች፣ ሆዷ ላይ የበቀለው አረንጓዴ ነገር ይፋቃል፤ ከዚያ መልሶ እንዳይበቅል የሚቀባ ቀለም አለ፣ ዋጋው የሽቶ ነው፣ ሽታው ግን ያስነጥሳል። እንጨቷ ቫርኒሽ ይፈልጋል። ባትሪዋ ሳይሠራ ይሞታል። ሞተሯ ባይነሣም ዘይቱ ይቀየራል። የዝናቡን ውሃ የሚያወጣው ፓምፕ ይቃጠላል፣ ገመዷን ፀሐይ ይበላዋል፣ ሸራዋን ንፋስ ይቀደዋል፤ ኢንሹራንሷ ደግሞ ምንም ሳይደርስባት ቀኑን ጠብቆ ይመጣል። ከወጪዋ ሁሉ ርካሹ ነዳጅ ነው፤ የትም አትሄድማ።

የትም አትሄድም ያልኩሽ እውነቴን ነው። ሽማግሌው ባለቤታቸው ከሞቱ ወዲህ ወጥተውባት አያውቁም። መጀመሪያ መጀመሪያ በታክሲ መጥተው አግዳሚው ላይ ቁጭ ብለው ያዩዋት ነበር። በኋላ እግራቸው እምቢ ሲል እኔ ቤታቸው እየሄድኩ ወሬዋን አደርስላቸው ጀመር። በሩን ስከፍት «ሙሽራዬ እንዴት ናት?» ይሉኛል። እኔም «አባባ፣ ዘንድሮስ እኔው ላገባት አስቤአለሁ፣ ቶሎ ይድኑ» እላለሁ። «አንተ ቀጣፊ» ብለው ይስቃሉ፣ ሳል እስኪይዛቸው ይስቃሉ። ከዚያ ለቀለሙም ለኪራዩም የሚሆነውን ከመሳቢያው ያወጡልኛል። እኔ ይሄን ውሸት ብዬ አላውቀውም ነበር፤ ሰላምታ ነው የሚመስለኝ። ከምጎርሰውም ግማሹ ከዚያች ጀልባ መሆኑን ልደብቅሽ አልችልም።

ዘንድሮ ክሬኑ ሳይመጣ በፊት ልጃቸው ወደ ግቢው መጣች። ፋርማሲ ውስጥ የምትሠራ፣ ብዙ የማትናገር ሴት ናት። እኔ እንደ ልማዴ ቀልድ ልጀምር ስል እጇን አነሣችና «አባቴ የልብ መድኃኒቱን እያጋመሰ ነው የሚውጠው» አለችኝ። ለምን ስላት ዓይኗን ወደ ጀልባዋ ላከች። «ጀልባዋን ተው ስለው ልትወርሺኝ ቸኮልሽ ይለኛል። እሱ የሚያምነው አንተን ነው። አገባታለሁ ስለምትላት ሙሽራ እውነቱን አንተው ንገረው» አለች። ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም። ብታደርግ ይሻለኝ ነበር።

እሷ ከሄደች በኋላ መካኒኩን ጠርቼ ወደ ውስጧ አስገባሁት። ካቻቢቴውን ወለሏ ላይ ሲተክለው ዳቦ ውስጥ የገባ ያህል እስከ እጀታው ሄደ። ወጥቶ እጁን እየጠረገ «ስማ አንተ ወሬኛ፣ ይቺን ጀልባ አንድ ላይ የያዛት ያንተ ቀለም ነው» አለኝ። እታለም፣ መካኒኩ አዲስ ነገር አልነገረኝም። መበስበሷን ካቻምና ስፍቃት አይቼዋለሁ። አይቼ ነው የቀባሁት።

በማግስቱ ቤታቸው ሄድኩ። ሁለተኛ ፎቅ ነው፤ ደረጃው ጠባብ፣ ክፍሉ የተተኮሰ ጨርቅ ይሸታል። የስፌት መኪናቸው መስኮቱ ሥር ክዳኗን ለብሳ ተቀምጣለች፤ ጫፏ ላይ በምላጭ የተከፈለ ክኒን ግማሹ ቀርቷል። «ሙሽራዬ እንዴት ናት?» አሉኝ። በመንገዴ ሁሉ የሚያስቅ አጀማመር ስፈልግ ነበር የመጣሁት፤ አንድም አልተገኘልኝ። «አባባ፣ ወለሏ በስብሷል» አልኳቸው።

ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ ጠየቁኝ፤ ከካቻምና አልኳቸው። «ካቻምናም ሙሽራ ናት ብለኸኝ ነበር» አሉ። አፌ እንደዚያ ቀን ከብዶኝ አያውቅም፤ አንቺ ብታዪኝ ታመመ ብለሽ ግንባሬን ትዳብሺኝ ነበር። እንዲያባርሩኝ እየጠበቅኩ ሳለ፣ የክኒኑን ግማሽ በጣታቸው ወዲያ ወዲህ እያሉ «እኔም እኮ እንዳንተ ነበርኩ» አሉኝ። «ሰው የነተበ ኮት ይዞ ይመጣል። ገልብጬ ሳየው ክር እንኳ የሚይዝ ቦታ የለውም። ግን ፊቱን አያለሁ፤ የሚወደው ከሆነ አንድ ክረምት ያወጣዎታል ብዬ እሰፋለት ነበር። ይከፍለኛል፣ ደስ ብሎት ይሄዳል። ክረምቱ ሲመጣ ምን እንደሚለብስ አስቤ አላውቅም።» ከዚያ ቀና ብለው «በል ፍታት፣ ትፍረስ። ግን መጀመሪያ አንዴ ልውጣባት» አሉ።

ልጃቸውና እኔ በወንበር ተሸክመን ደረጃውን አወረድናቸው። ውሃው ላይ በተዘረጋው የእንጨት መሄጃ ላይ ቀስ እያልን አድርሰን ከመሪው ፊት አስቀመጥናቸው። ሞተሩ በመጀመሪያው ቁልፍ ተነሣ። ወደ መሀል ወጣን፤ የግቢው ሼድና የቆሙት ጀልባዎች እየራቁ እየራቁ የክብሪት ቀፎ አከሉ። ሽማግሌው ከቀኝ በኩል ያለውን ትራስ፣ የባለቤታቸውን ቦታ፣ ማንም እንዳይቀመጥበት በእጃቸው ሸፈኑት። ብዙ አላወሩም። እኔም አላወራሁም፤ ይሄን አምናለሁ ካልሽ ሁሉንም ታምኛለሽ።

ከዚያ በኋላ የሆነው አጭር ነው። በነፃ ውሰዱ ብለን ብንለጥፍባትም የሚወስዳት ጠፋ፤ መካኒኩም «አማት በነፃ ማን ይወስዳል» አለ። ለማፍረሱም ለመጣሉም ክፍያ አለው፤ ሞቷም እንደ ኑሮዋ ነው። እሱን በሥራዬ ቻልኩት፣ እሑድ እሑድ እየገባሁ በገዛ እጄ ፈታኋት። በየዓመቱ የቀባሁት ቀለም በንብርብር በንብርብር ተላጠ፤ እንጨቱ ግን በጣት ይፈርስ ነበር። መሪዋን ነቅዬ ወሰድኩላቸው፣ የስፌት መኪናዋ ላይ አስቀምጠውታል። ልጃቸው እንደነገረችኝ አሁን ክኒኑን ሙሉውን ነው የሚውጡት። እኔ አሁንም ቤታቸው እሄዳለሁ። ስለ ጀልባ አንጫወትም፤ ከጋዜጣ ፊደል ፊደሉን እየቆጠርኩ አነብላቸዋለሁ፣ ስሳሳት «ቀጣፊ» ይሉኛል።

እንግዲህ ሽጣት ያልሽኝ ጀልባ ይቺ ናት። የምሸጠው የለኝም። መምጣቱን ግን እመጣለሁ፤ ሥራዬ ቢቀንስም አልተባረርኩም፣ ለመንገዱ እያጠራቀምኩ ነው። ቀኑን አልነግርሽም፤ ከዚህ በኋላ የማላውቀውን ቀን መጥራት አልፈልግም።

እማዬን ጉንጯን ሳሚልኝ፣ መነጽሯም ግንባሯ ላይ ነው በያት። ሹፌሩን ወገብህን በትራስ ደግፈህ ንዳ በይልኝ፤ ትራሱን እኔ ይዤለት እመጣለሁ፣ የጥሩ ሰፊ ሥራ ነው። ትልቋ ልጅሽ ይህን ደብዳቤ ጮክ ብላ ታንብብላችሁ፤ የሳትኳት ፊደል ካለች ግን በዝምታ ታርማት። ትንሹን አጎትህ መርከብ የለውም በይው፤ ትንሽ ያዝናል፣ ይለምደዋል። ጎረቤታችንን ጫማ ሰፊውን ሰላም በይልኝ፤ ይጽፋል ብለሽ ስትነግሪው አያምንም፣ ደብዳቤውን አሳዪው።

ወንድምሽ፣
ከጀልባ ማደሻው ግቢ፣ ከቀለም መጋዘኑ ጎን ካለችው ክፍል፣
በጥቅምት መግቢያ፣ እሑድ ከሰዓት።

እታለም፣ ወረቀቱን አጥፌ ነበር፤ መልሼ ዘረጋሁት። አንድ ነገር ከራሴ ጨምሬአለሁ። ሞተሩ አልተነሣም። ቁልፉን ደጋግሜ አዞርኩት፣ እንደ ሽማግሌው ሳለና ዝም አለ። መሀል አልወጣንም፤ ገመዱም አልተፈታም። ምን እንደማደርግ ሲጠፋኝ ከኋላ ቆሜ በአንድ እግሬ ረገጥ፣ በሌላው ረገጥ እያደረግኩ ጀልባዋን ማወዛወዝ ጀመርኩ። ልጃቸው አየችኝ። ከወዲያኛው ጠርዝ ቆማ እሷም እንደኔው ትረግጥ ጀመር። ሽማግሌው መሪውን ይዘው ዓይናቸውን ጨፍነዋል። እግሬ እስኪዝል ከቆየን በኋላ «በቃ ልጄ፣ ብዙ ርቀናል፤ ሳይመሽ እንመለስ» አሉ። እኔም «እሺ አባባ፣ ወደ ግራ ያዙሩት» አልኳቸው። አዞሩት። «ቀስ ይበሉ፣ ደርሰናል» አልኳቸው። ስናወርዳቸው ገመዱን በእጃቸው ዳበሱና «ደህና አድርገህ አስረሃታል» አሉኝ።

ከዚህኛው ላይ ግን ምንም አትቀንሺ።