የማስተዋል የእሑድ ሕመም

ኅዳር 21፣ እሑድ፣ ከቀኑ 7 ሰዓት

ዛሬም አመማት። ዛሬም እሑድ።

ከጽዮን ቅዳሴ ተመልሰን ፈረሴን ዳማን ከጋሪው ሳልፈታው ማስተዋል አፌን በላኝ አለች። ዞር ስል ከንፈሯ ንብ የነደፈው መስሏል። አንገቷ ሽፍ ብሏል። ከዚያ አስመለሳት። ማስመለሱን ለምጄዋለሁ። የዛሬው ግን ጥቁር ነው። ከቆረበች ገና ሰዓት አልሞላም።

ደሙ ነው አልኩ በልቤ። ልጄ የጌታን ደም መሬት ላይ አፈሰሰችው።

አፈሩን ዝቄ፣ የሰው እግር እንዳይረግጠው ጓሮ ወስጄ አቃጠልኩት። ጎረቤት ምንድን ነው ብትለኝ ቆሻሻ ነው አልኳት። ይህን ቃል አፌ እንዴት አወጣው?

አሁን ተኝታለች። እብጠቱ ጎድሏል። ደብተሬ ሆይ፣ ሐኪሙ የምትበላውን ጻፍ ቢለኝ ነው የጀመርኩህ፤ ይኸው ፍርሃቴንም ትሸከማለህ። ወተት ተውን። እንቁላል ተውን። ምን ቀረ?

ኅዳር 23፣ ማክሰኞ

ፍኖተ ሰላም ሆስፒታል ሄድን። ዶ/ሩ ወጣት ነው፣ አይቆጣም። የዚህ ምርመራ እዚህ የለም፣ ያለን መንገድ ምግቡን ተራ በተራ እየተዉ ማየት ነው ብሎኛል ከመጀመሪያው። ወተቱንም እንቁላሉንም መልስላት አለ። አሁን ስንዴ እንድንተው። ዳቦው፣ ፓስታው፣ ብስኩቱ፣ ሁሉም።

እሑድ ምን እንደምትበላ ጠየቀኝ። ምንም፣ ጾመን ነው የምንሄድ አልኩት። እውነቴን ነው። ቁርባኑን ግን አልነገርኩትም። ጥቁሩንም። 

ስንወጣ እንዲህ አለኝ፦ ደረቷ ሲር ሲር ካለ ምንም ሳትጠብቅ ይዘሃት ና። እሺ አልኩ። በተኩስ መንገድ በተዘጋ ቀንስ? አልጠየቅሁትም። እሱ ምን ያድርግ።

በማንኩሳ መንገድ ወደ ቤት ስንመለስ ማስተዋል ከጎኔ ተቀምጣ ከዳማ ጋር ታወራለች። ዳቦ ለአንተም ክልክል ነው ትለዋለች። እኔ ልጓሙን ይዤ የማስበው አንድ ነገር ነው።

ኅብስቱ ከስንዴ ነው።

ኅዳር 25፣ ኀሙስ

በቆሎና ጤፍ የተቀላቀለ እንጀራ፣ ድንች፣ ሽሮ። ደህና ዋለች።

እናት የሌላት ልጅ መጠበቅ እንዴት ያስቸግራል! ጋሪዬ ላይ የወጣ ሁሉ ከንፈሩን መጥጦ እጁን ወደ ጓዙ ይሰዳል። አንዷ ብስኩት፣ አንዷ ዳቦ። እምቢ ስል ክፉ አባት እባላለሁ። ዛሬ ራሷ መለሰችልኝ። ቡሬ ደርሰው የተመለሱ አንድ ሽማግሌ አምባሻ ሲቆርሱላት፣ “እኔ ስንዴ ክልክል ነኝ” አለቻቸው። ሽማግሌው እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ። “ምነው፣ ባል አጭተውልሽ ልትከሺ ነው?” አሏት።

ማታ እግሯን ሳጥባት ጠየቅኋት። እሑድ እሑድ ውጭ የበላሽው ነገር አለ? የለም አለች። እውነትሽን ነው? አዎ። ዓይኔን እያየች ነው። ማስተዋል አትዋሽም፤ በዚህ እናቷን ናት።

ኅዳር 28፣ እሑድ

ቀረን። ብርድ ነው አልኳት። ደወሉ ሲደወል ነጠላዋን አጣጥፋ በሩ ሥር ተቀመጠች፤ ብርዱ ሲያልፍ እንሄዳለን ብላ።

እስካሁን ደህና ናት። አላሳከካትም። አላስመለሳትም። እንዲያማት የፈለግኩ ይመስል ደጋግሜ አፏን አየሁ።

ታኅሣሥ 5፣ እሑድ

ዛሬም ቀረን። ዛሬም ደህና።

እንግዲህ ምን ልበል? ቤ/ክ ስትሄድ ትታመማለች፣ ስትቀር ትድናለች። መድኃኒት ብዬ የማምነው ነገር ልጄን እየገደላት ነው ልል ነው? ይህን ጽፌ ሁለት ጊዜ ሰረዝኩት። ሦስተኛውን ተውኩት።

እናቷ በኩላሊት ስትደክም ያለችኝ አንድ ነገር ነው። ልጄን ከቁርባን እንዳታርቃት። እኔ ራሴ አልበቃሁም ብዬ ከሩቅ የምቆም ሰው ነኝ። ማስተዋልን ወደ ውስጥ ይዛት የምትገባ የክርስትና እናቷ እትየ ውዴ ናት፣ በሴቶቹ በኩል። እኔ በወንዶቹ በኩል ሆኜ ቅዳሴው እስኪወጣ እጠብቃለሁ። ያቺ ሰዓት ነበረች የሳምንቱ ደስታዬ።

ራሴን ጠየቅኩ። የምፈራ ለልጄ ነው ወይስ ለሃይማኖቴ?  ጥያቄው ራሱ አስፈራኝ።

ታኅሣሥ 8፣ ረቡዕ

የንስሐ አባታችን መምሬ ዘንድ ሄድኩ። እርሻቸው ዳር ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ነበር። ሁሉንም ነገርኳቸው፣ አፈሩን ማቃጠሌንም። ይቆጣሉ ብዬ መሬት መሬት አያለሁ።  የጠየቁኝ ግን ያልጠበቅሁትን ነው። ምን ያህል ጥቁር? ብዙ? እፍኝ ይሆናል አልኩ።

“አንተ ሙሉቀን፣ ዲያቆኑ በማንኪያዋ፣ በዕርፈ መስቀል፣ የሚያቀብላት ጠብታ ናት። ጠብታ እፍኝ አፈር አያጠቁርም። ይህች ልጅ ሌላ ነገር ቀምሳለች።”

ምንም አትቀምስም አልኳቸው። እንግዲያው ፈልግ አሉኝ። እስክታገኘው አትምጣ፣ እኔ በቅዳሴ ስሟን አነሣለሁ፤ እግዚአብሔር ልጅ ታሞበት ቤት የዋለ አባት ላይ ቂም አይዝም። መስቀላቸውን ተሳልሜ ተነሣሁ። እግሬ ቀለለኝ። ራሴ ግን አልቀለለውም። ሌላ ነገር ምን?

ታኅሣሥ 13፣ ሰኞ፣ ሆስፒታል

ትናንት መጻፍ አልቻልኩም። ተርፋለች። እ/ር ይመስገን። መጀመሪያ ይኼ ይጻፍ።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ እትየ ውዴ ቤታችን መጣች። ተቆጥታለች። የክርስትና ልጄን ደበቅኸኝ፣ ሰው ሞተባችሁ እንዴ፣ ምን አደረግሁህ እያለች ገባች። ማስተዋል አንገቷ ላይ ተጠመጠመች። እኔ ይቅርታ ጠይቄ ዳማን ውኃ ላጠጣ ወጣሁ። ውኃ ቀድቼ እስክመለስ ነው።

ስገባ ልጄ መደቡ ላይ ተቀምጣ ታላምጣለች። ጥርሷ ጥቁር። ከንፈሯ ጥቁር። እትየ ውዴ የነጠላዋን ጫፍ ፈትታ ሌላ ታድበለብላለች።

ምንድን ነው እሱ አልኩ። ጮኼ መሰለኝ።

“ምን ያስጮህሃል? ልጥልጥ ነዋ! የዘንድሮ ኑግ፣ ቆልቼ ወቅጬ። ሁልጊዜ ስትቆርብ፣ ማየ መቁረሩን ከጠጣች በኋላ አፏን የማሟሽላት እኔ አይደለሁ? የጽዮን ዕለትማ አዲሱ ኑግ ደርሶ እጥፍ ነው ያጎረስኳት። ቀርታብኝ ይዤላት መጣሁ።”

ቀሪውን አልሰማሁም። ማስተዋል ጉሮሮዋን ይዛ አየችኝ። ፊቷ አበጠ። ደረቷ ሲር አለ። ዶ/ሩ ያለኝ ሲር።

ባጃጅ የለም፣ ጠመንጃ የያዙት ተሽከርካሪ አይንቀሳቀስም ብለዋል። ዳማን ጠመድኩት። እትየ ውዴ ጋሪው ላይ ልጅቱን አቅፋ፣ የኔ እናት ተንፍሺ፣ ተንፍሺ ትላለች። በሕይወቴ ዳማን መትቼው አላውቅም። ትናንት መታሁት። ከከተማው መግቢያ ኬላ ላይ ያስቆሙን ሰዎች የልጄን ፊት አይተው ምንም ሳይሉ አሳለፉን።

መርፌ ወጓት። አፍንጫዋ ላይ ኦክስጅን አደረጉላት። ከዚያ እየቆየ ሲሩ ቀነሰ። ዶ/ሩ ልጥልጡን እንድነግረው አደረገ፣ ስንት ጊዜ፣ መቼ መቼ። ዛሬ ሁሉንም ነገርኩት፣ ጥቁሩንም ቁርባኑንም። አልሳቀብኝም። ኑጉ ሳይሆን አይቀርም አለ። ኑግ ከእንግዲህ በዓይኗም እንዳታየው።

ጧት ስትነቃ ጠየቅኋት። ውጭ በልተሻል ስልሽ የለም ብለሽኝ?

“እትየ ውዴ ውጭ ናት እንዴ?” አለች።

ታኅሣሥ 15፣ ረቡዕ

ቤታችን ነን።

ሌላ ፍርሃት መጣ። ዛሬ ጋሪዬ ላይ ሁለት ሴቶች ያወራሉ፤ የማን ጋሪ እንደሆነ አላስተዋሉም። የባለጋሪውን ልጅ የክርስትና እናቷ በልታት አሉ። ድሮም ዓይኗ ደስ አይልም አለች አንዷ። ኑጉን ያነሣ የለም። ቡዳ የሚሉት ሴትዮዋን ነው።

ጋሪውን አቁሜ፣ ኑግ ነው፣ ሐኪም ነው ያለው፣ እሷ ባትኖር ልጄ ጋሪው ላይ ታልቅብኝ ነበር አልኳቸው። አንገታቸውን ደፉ። አመኑኝ? አይመስለኝም።

ማታ ቤቷ ሄድኩ። በሩ ተዘግቷል። እኔ ነኝ ስላት በስንጥቁ አየችኝ። የኑጉን ስልቻ ከነክሩ ወንዝ ወስዳ ደፍታዋለች። ከእንግዲህ ያቺን ልጅ በእጄ አልነካትም አለችኝ፣ ለእሷም ለእኔም ይበጃል። መቁረቢያ ልብሷን አጣጥፋ አስቀምጣላት ኖሯል፣ ከስድስት ዓመት በፊት በክርስትናዋ ቀን ያጠለቀችላትን። ሰጠችኝ። አልተቀበልኩም። ልጄን ይዛ እንደማትገባ ሰው ካየ ወሬው እውነት ሆነ ማለት ነው። ይህች ሴት በቁሟ ትቀበራለች።

ታኅሣሥ 16፣ ኀሙስ

ዶ/ሩ ስንዴው ንጹሕ መሆኑን እዚሁ ግቢ አጠገቤ ሆና ትሞክር ብሎ ነበር። ሄድን። ድንገተኛ ክፍሉ ደጃፍ ካለው ዛፍ ሥር ተቀመጥን። ዳቦ ቆረስኩላት፣ ጥፍር የምታህል። ዋጠች። ከንፈሯን አየሁ። አንገቷን። ደረቷ ላይ ጆሮዬን ለጠፍኩ።

“አባ፣ ጢምህ ይኮሰኩሰኛል” አለች።

ጨመርኩላት። ከዚያ ግማሹን። እዚያው ዋልን። ምንም። ዶ/ሩ ብቅ እያለ አይቶ፣ በመጨረሻ አውራ ጣቱን አሳየኝ። ዛፉን ተደግፌ አለቀስኩ። ሰው በዳቦ ያለቅሳል?

ታኅሣሥ 18፣ ቅዳሜ፣ 11 ሰዓት

ነገ ገብርኤል ነው። ወስኛለሁ፤ እንሄዳለን።

ከምሳ በኋላ እትየ ውዴ ዘንድ ተመልሼ ነበር። ነገ ልጄን ይዘሽ ግቢ አልኳት። እጇን ከነጠላዋ ሥር ደበቀች። ስትወጡ ደግሞ እንደ ድሮው አንቺ ነሽ አፏን የምታሟሺላት፣ ሴቶቹ ሁሉ እያዩ። የምታጎርሻትን እኔ ቀቅዬ በጨርቅ ቋጥሬ እሰጥሻለሁ። ድንች ነው። ሌላ ምንም።

ብታማትስ ሙሉቀን? አለች። በእጄ ብትሞትስ?

በድንች ምን ትሆናለች ልላት አሰብኩ። ይልቁን እኔም እንደ አንቺ ነው የምፈራ አልኳት። ያኔ ነው እሺ ያለችኝ።

መምሬም ሰምተዋል። ራሴ ላይ እጃቸውን ጫኑብኝ።

ታኅሣሥ 19፣ እሑድ፣ ሊነጋጋ ሲል

ደወሉ ተደወለ። ማስተዋል ለብሳ ቆማለች። ድንቹ ተቋጥሯል። እትየ ውዴ በሩ ላይ ናት፣ እንደ ሙሽራ አልገባም ብላ ቆማለች።

እምነቴ የተመለሰ መስሎኝ ነበር። ዳማን ግን ጠምጄዋለሁ። ከቤ/ክ በር ላይ ፊቱን ወደ ፍ/ሰላም አዙሬ አቆመዋለሁ፣ ቅዳሴው እስኪወጣ አልፈታውም። ጌታ ሆይ፣ በዚህ አትቀየመኝ። አባት ነኝ። ዳማ ይጠብቅ፣ እኔም ዛሬ በሴቶቹ በር በኩል ቆሜ እጠብቃለሁ።