አያ ፈንቴ የጠበቁት መርፌ

ማክሰኞ፣ ኅዳር 9 ቀን 2018 ዓ.ም.፣ ጎንደር

አያ ፈንቴ ዛሬ ከኮሶዬ እኔ ነርስ ወደሆንኩበት ክሊኒክ መጡ። የኤች አይ ቪ መድኃኒት ከጀመሩ አሥራ አንድ ዓመታቸው ነው፤ አንድም ቀን አቋርጠው አያውቁም ነበር። ዛሬ ግን ደማቸውን ልቀዳ ስል፣ «ኪኒኑን ከተውኩት ሁለት ወር ሆነኝ» አሉኝ።

«ምነው አያ?»

«መርፌው ይመጣል ብለሽኝ የለ?»

ባለፈው ቀጠሯቸው ስለ አዲሱ ምርምር የሰማሁትን ደስ ብሎኝ ነግሬያቸው ነበር። ኪኒኑን ቫይረሱን ከሚዋጋ፣ ፀረ እንግዳ አካል ከሚባል መርፌ ጋር የወሰዱ አንዳንድ ሰዎች፣ ሁሉንም ካቆሙ በኋላም ቫይረሱ ሳይነሣባቸው ብዙ ጊዜ ቆይተዋል። ገና ሙከራ ላይ ነው፣ እኛ ዘንድ አልደረሰም ማለቴንም አስታውሳለሁ። እርሳቸው ግን ኪኒኑን ከምራታቸው ለመደበቅ በየቀኑ ጎተራ ውስጥ እጃቸውን መክተት ሰልችቷቸዋል። ጆሯቸው ውስጥ የቀረው «ካቆሙ በኋላ» የሚለው ብቻ ነው።

ይቅርታ ጠየቅኳቸው። ኪኒኑን ከዛሬ ጀምሮ እንደገና እንዲወስዱ ተስማማን። ደማቸውን ወደ ላቦራቶሪ ላክሁ፤ ቫይረሱ ተነሥቶ ከሆነ ጥፋቱ የእኔም ነው።

«አንቺስ ሸጋ ወሬ ነው የነገርሽኝ፤ የቸኮልኩት እኔ ነኝ» ብለው አጽናኑኝ። በሩ ላይ ሲደርሱ ዞር አሉ።

«መርፌው ሲመጣ ግን ታስጠሪኛለሽ?»

«አስጠራዎታለሁ» አልኳቸው።

ከሄዱ በኋላ ካርዳቸው ላይ ዕድሜያቸውን አየሁ። ስድሳ ስምንት። መርፌው እኛ ዘንድ ለመድረስ ስንት ዓመት እንደሚፈጅ ግን የትም አልተጻፈም።