በመሳቢያ የተቆለፈችው አሥራ ሁለተኛዋ ቆርኪ

ወገዳ፣ የካቲት 1975 ዓ.ም.

ለተከበሩ ጓድ ወልደማርያም፣
የ«ብሩህ ጮራ» መዝናኛ ክበብ ሊቀ መንበር

አብዮታዊ ሰላምታዬ ካልተነሡበት ወንበር ድረስ ይድረስዎ! ጤናዎ እንደ ሆድዎ ይስፋ፣ ዕድሜዎ እንደ ስብሰባዎ ይርዘም እያልሁ፣ በማታው መሠረተ ትምህርት ፊደሉን ከክፍሉ ሁሉ ቀድሜ የጨረስሁት እኔ ፈንታ፣ ይህችን ደብዳቤ በገዛ እጄ ጽፌ በወፍጮ ቤቱ በር ለጥፌልዎታለሁ።

አንደኛ፣ ክበብዎ የዳማ ሰሌዳ አሠርቶ ስለሸጠልን እናመሰግናለን። ይበልጥ የገረመን ግን፣ አንዱ ወገን አሥራ ሁለት ቆርኪ በሚያስፈልገው ጨዋታ አሥራ አንዱን ሰጥተውን፣ የቀረችውን ማኅተም መትተውባት በመሳቢያዎ መቆለፍዎ ነው። ሰሌዳውን አስመስሎ የሠራ ሰው ያለዚህች ቆርኪ እንዳይጫወትበት ነው አሉ። ጨዋታውን የገለበጠ፣ ቆርኪዋንም በሌላ ጠጠር የተካ ይታሰራል ብለውም በጥሩምባ አስለፈፉ። ስለዚህ ገበሬው የገዛ ሰሌዳውን ታቅፎ ደጅዎ ይሰለፋል፤ ቆርኪዋን በፊርማ ተውሶ በፊርማ ይመልሳል። እርስዎ ደብረ ታቦር ለስብሰባ የሄዱ እንደሆነማ፣ ወገዳ በሙሉ ሰሌዳው ላይ አፍጦ ይውላል። እንዲህ ያለ አመራር ከየት ይገኛል!

ሁለተኛ፣ ልብስ ሰፊው ጁነይዲ የጎደለችውን ቦታ በካፖርት አዝራር ሞላ፤ ለጠየቀውም ሁሉ አዝራር በነጻ አደለ። እርስዎም ጥበቃ ልከው እንደ ሽፍታ አስይዘው፣ ከቅዳሜ ገበያ ጀምሮ በክበብዎ መጋዘን ቆልፈውበታል። ክሱ «ጸረ ሕዝብ አዝራር ማሰራጨት» ነው። እኔ የተማርሁ ሰው ነኝ፣ መጽሐፌን ከዳር እዳር ወጥቸዋለሁ፤ ጸረ ሕዝብ አዝራር የሚባል ነገር ግን አላየሁበትም። ባለቤቱ ወይዘሮ ኑሪያ ምሳ ይዛ ብትሄድ፣ የመጀመሪያው አዝራር ከገዛ ካፖርቱ የተቆረጠ ነውና ካፖርቱንም አብራችሁ እሰሩት እንጂ ሰውየውን ደረቱን ገልጣችሁ በብርድ አትፍጁት አለቻቸው። አንዱ ጥበቃ ሳቁ እንዳይመዘገብበት ፊቱን አዞረ።

ሦስተኛ፣ በዳማ ደጋግሜ ያሸነፍሁዎ መሆኔን አላነሣም። ጨዋ ነኝ።

እንግዲህ ጁነይዲን ዛሬውኑ እንዲፈቱልን በታላቅ ትሕትና እለምናለሁ። ሰሌዳ መግዣ ለሌለው ወገናችን ደግሞ ይህን ጽፌያለሁ፦ መሬት ላይ ስምንት በስምንት ቤት ይሰመር፤ ቤቱ አንዱ ጥቁር አንዱ ነጭ ይሁን፤ አንደኛው ወገን አሥራ ሁለት ባቄላ፣ ሌላው አሥራ ሁለት ሽምብራ በጥቁሩ ቤት ይደርድር፤ ሰያፍ እየሄዱ፣ እየዘለሉ መብላት ነው። ደብዳቤዬን የክፍል ጓደኞቼ ገልብጠው ወደ እስቴም ወደ ጋይንትም ይዘዋት ወጥተዋል።

መሳቢያዎን ከነቁልፉ እጅ እየነሣሁ፣
ፈንታ ቀለመወርቅ፣
የማታው ክፍል አንደኛ፣ የወገዳ ዳማ ቁንጮ

ማሳሰቢያ፦ ጨዋታውን የገለበጠ ይታሰራል ብለዋል። እዚህ ድረስ ካነበቡ ሰሌዳው ከነጠጠሩ፣ ያለ ማኅተም፣ በጭንቅላትዎ ገብቷል። ወይ ጁነይዲን ያስወጡት፣ ወይ እርስዎም መጋዘኑ ይግቡ፤ ለማንኛውም ወይዘሮ ኑሪያ የነገውን ምሳ ለሁለት ሰው እንድታደርገው ነግሬያታለሁ።